ቡናማዋን ትተሻት ሄደሻል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ትናንት ክፍልሽን ሳጸዳ ቡናማዋን ፓፍ፣ ያቺን በአፍሽ የምትስቢያትን የአስም መድኃኒትሽን፣ አልጋሽ ሥር አገኘኋት። አቧራ ለብሳለች። ሰማያዊዋን ግን ይዘሻት ሄደሻል። ገባኝ። ሰማያዊዋ ወዲያው ደረት ትከፍታለች፤ ቡናማዋን ግን ብትወስጃትም ባትወስጃትም ለውጥ ያለው አይመስልሽም። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው የምጽፈው።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ሌሊት ሌሊት ያስልሽ ነበር። እኔ ብርድ ነው አልኩ። ዳማከሴ ጨመቅኩልሽ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠሁሽ። አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዘዘልሽ። ራጅ ተነሳሽ፣ ምንም የለም ተባለ። ሊነጋጋ ሲል ግን ደረትሽ ሲር ሲር ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ከሰል አያይዤ፣ እጣን አጭሼ ቡና አፈላለሁ፤ አንቺ ጭኔ ላይ ተቀምጠሽ። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ ነው አንዲት ሐኪም ማሽን ያስነፋችሽ። ስፓይሮሜትሪ ይሉታል። ፊትሽ እስኪቀላ ነፋሽ። ከዚያ ሳልቡታሞል፣ ያቺን ሰማያዊዋን፣ ሰጠችሽ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃ ደግማ አስነፋችሽ። ሁለተኛው በጣም ተሻለ። የጠበበ ቧንቧ በመድኃኒት እንዲህ ሲከፈት አስም መሆኑን ያሳያል አለችኝ። ከአባትሽ ወገን አስም አለ፤ ዘርም ድርሻ አለው፣ ጭሱ ብቻውን አላመጣባትም ብላ አጽናናችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናውን ደጅ አወጣሁት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የአየር ቧንቧሽ አስሙ ሳይነሳብሽም ውስጡ ትንሽ እንደተቆጣ ነው። ብርድ፣ አቧራ፣ ጭስ ወይም ጉንፋን ሲነካው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ጭብጥ ይላል፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል። ሰማያዊዋ ጡንቻውን ነው የምታላቅቀው፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት። ቁጣውን የምታበርደው ቡናማዋ ናት፤ ቀስ ብላ፣ በቀናትና በሳምንታት። ለዚህ ነው ደህና ስትሆኚም በየቀኑ የምትወሰደው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም ታዳጊዎችና አዋቂዎች ሰማያዊዋን ብቻ ይዘው መኖር የለባቸውም ብሏል።

«ፓፍ ከጀመርሽ መላቀቂያ የለሽም» የሚሉሽ አይጠፉም። እኔም ብዬ ነበር፣ አላውቅም ነበርና። ሱስ አያስይዝም። ቡናማዋ ስቴሮይድ የሚባለው ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ናት፤ ግን በትንሽ መጠን በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ነው የምትገባው። ከወሰድሽ በኋላ አፍሽን ተጉመጥመጪና ትፊው፣ አለበለዚያ አፍሽ ውስጥ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

አወሳሰዱን ደግሞ እንደምታበላሺው አይቻለሁ። ነቅንቂያት፣ ትንፋሽሽን አስወጪ፣ ከዚያ እየተጫንሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ልጅ ሳለሽ ፓፏን ሰክተሽ መድኃኒቱን የምትስቢበት፣ የግማሽ ሊትር ውኃ ፕላስቲክ ቀደን የሠራንልሽ ትዝ ይልሻል? አሁንም ይሠራል፣ አትፈሪ። ልጆቹ ቢስቁ ይሳቁ።

የምትማሪባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጠዋት ብርዷን ታውቂዋለሽ። ወደ ክፍል ስትሄጂ አፍንጫና አፍሽን በሻርፕ ሸፍኚ። ሰማያዊዋን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከፈለግሻት፣ ወይም ሌሊት ሳል ከቀሰቀሰሽ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረ ግን ፈተና ቢሆንም ትተሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ሰማያዊዋን በመንገድ ላይ እየደጋገምሽ ውሰጂ።

አዲስ ቡናማ ገዝቼ ከበሶው ጋር ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ይደርስሻል። አልጋ ሥር ያገኘኋትን ጣልኳት፤ ጊዜዋ ካለፈ ሰንብቷል።

እናትሽ