አንድ ቅዳሜ ላይ ሁለት ሚት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጋዜጣችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ ስለ ኢሚግሬሽን ስለ ቤት መግዛት ስለ ታክስ ብዙ ጽፋችኋል፣ ስለ ልጆቻችን ዋና ግን እስካሁን አንድም ነገር አላየሁም። ሰመር ላይ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ፑል ብትሄዱ እኮ አንድ ሁለት የሀበሻ ቤተሰብ አይጠፋም፣ እናቶች ጥላ ስር ተቀምጠን፣ አባቶች ስልክ ይዘው ቪዲዮ ሲቀርጹ። እኔ ራሴ ዋና አልችልም፣ እስካሁን ጥልቁ ጋ አልቀርብም፣ ግን በሦስት ሰመር ውስጥ በተርፍላይ በሚባለው የዋና ዓይነት ላይ እግር እንዴት መመታት እንዳለበት ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሁለት ዓይነት ቡድን አለ። ክለብ የሚባለው በዩኤስኤ ስዊሚንግ (የአገሪቱ የዋና ማህበር ነው) ስር ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የሚሰራው ነው፣ ሰመር ሲመጣ 50 ሜትር ፑል ላይ ነው የሚወዳደሩት፣ ሎንግ ኮርስ ይሉታል፣ ውድድሩም፣ ሚት የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከአርብ እስከ እሁድ ነው። ሰመር ሊግ ደግሞ የሰፈር ቡድን ነው፣ ጁን ላይ ጀምሮ ጁላይ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የኛ አካባቢው ሊግ በፈረንጆቹ ከ1956 ጀምሮ ያለ ነው፣ አምስት ቅዳሜ ሁለት ሁለት ቡድን ይጋጠማል፣ በየውድድሩ ከየቡድኑ ሦስት ልጅ ይገባል፣ አንደኛ 5 ሁለተኛ 3 ሦስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል፣ ሪሌይ ላይ (አራት ልጅ እየተቀባበለ የሚዋኘው) ግን ያሸነፈ 5 ይወስዳል፣ የተሸነፈ ምንም። ይቺን የሪሌይ ነገር ያዙልኝ።

ባለፈው ሰመር ጁላይ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሁለቱም ሚት መጣብን። በሰዓት እንኳን አልተጋጩም፣ ጉዱም እሱ ነው። የሰመር ሊጉ ጠዋት 3 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ይጀምራል፣ የክለቡ ትልልቆቹን ጠዋት አስጨርሶ 12 ዓመትና ከዛ በታች ያሉትን ከሰዓት ነው የሚያስገባው፣ ዋርም አፑ (ማሟሟቂያው) 6 ሰዓት ተኩል፣ መሀሉ ላይ 40 ደቂቃ መንገድ። ቁጭ ብዬ ደመርኩ ቀነስኩ ይደርሳል አልኩ። ባለቤቴ ተይ ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም፣ ለሁለቱም ከፍለናል እኮ ነው ያልኩት።

ሪሌይ የሚዋኘው መጨረሻ ላይ ነው። ልጄ ደግሞ የባክስትሮክ፣ የጀርባ ዋና ልጅ ናት፣ አራቱ ልጆች የተለያየ የዋና ዓይነት የሚዋኙበት መድሊ ሪሌይ በባክስትሮክ ስለሚጀመር ከፋቿ እሷ ናት። 5 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ኮቿን እኛ መሄድ አለብን አልኳት። ኮቿ ገና ኮሌጅ ያለች ልጅ ናት፣ ምንም አላለችኝም፣ የያዘችውን ወረቀት አየት አደረገችና አንዲት የ8 ዓመት ሚጢጢ ጠራች። ሦስቱ የሪሌይ ጓደኞቿ ፎጣ ተከናንበው ቆመው ሲያዩን እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ያው ሄድን።

መኪና ውስጥ እርጥብ የዋና ልብሷን እንደለበሰች ግማሽ ሙዝ በላች፣ ግማሹን በማግስቱ ወንበሩ ስር አገኘሁት። ልጆቹ የሚዋኙትን ውድድር ቁጥርና ሌናቸውን (የሚዋኙበትን መስመር) በማርከር ክንዳቸው ላይ ነው የሚጽፉት፣ የጠዋቱ ቀኝ ክንዷ ላይ ነበር፣ ውሀውም ሳንስክሪኑም አላስለቀቀውም፣ እኔ የከሰዓቱን ግራው ላይ ጻፍኩላት። 100 ፍሪስታይል ሲጠራ ልጄ ቀኝ ክንዷን አንብባ ሌን 5 ጋ ተሰለፈች። የሷ ሌን 2 ነበር። አንዱ ሰዓት ያዥ እስኪያስተካክላት ፊሽካው ተነፋ፣ ሌን 2 ባዶውን ሄደ። 50 ባክስትሮኩን ዋኘች፣ ከራሷ ምርጥ ሰዓት 3 ሰከንድ ዘግይታ ነው የወጣችው። ማታ ቴክስት መጣ፣ ሰፈራችን በ4 ነጥብ ተሸንፏል፣ ሪሌዩ በአንድ ክንድ ነው የተነጠቀው። ያ 5 ነጥብ ከነሱ ወጥቶ ወደኛ ቢገባ 10 ነጥብ ይገለበጥ ነበር፣ በ6 እናሸንፍ ነበር። ይሄን ሂሳብ የሰራሁት እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት፣ አልጋዋ ላይ ሆና፣ በጣቷ እየቆጠረች።

ከዛ ቀን ወዲህ ሲጋጭ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፣ ልጄ ብትቀር ማን ይጎዳል? ተራ የክለብ ሚት ላይ ብትቀር ሌኑ ባዶ ይሄዳል፣ የከፈልኩት የማይመለስ ገንዘብ ይቀራል፣ በቃ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሚት አለ። ሰመር ሊግ ላይ ግን ሦስት ልጆች ፎጣ ተከናንበው ይቆማሉ። ስለዚህ ለትንንሾቹ ቅዳሜ የሰፈር ነው ባይ ሆኛለሁ፣ ክለቡን እሁድ ትዋኝ (የእሁዱ ከቅዳሴ ጋር እንዴት እንደሚሆን ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል)። ሁለቱን በአንድ ቀን ግን ከእንግዲህ ወዲህ የለም፣ የሚደርስ ቢመስልም።

ይሄን ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳወራ አንድ ወንድም፣ ልጁ ጎበዝ ዋናተኛ ነው፣ እህቴ ሰመር ሊግ እኮ ጨዋታ ነው ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ክለብ ነው አለኝ። ጨዋታ መሆኑማ ጨዋታ ነው። ግን ታዋቂዋ ዋናተኛ ኬቲ ሌዴኪም እዚሁ ጎረቤት ሜሪላንድ ውስጥ በ6 ዓመቷ ከሰፈር የሰመር ቡድን ነው የጀመረችው፣ በ15 ዓመቷ በ2012 ለንደን ላይ 800 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ሰመር ሊግ ስለዋኘች ነው አሸነፈች አላልኩም፣ እንዳላበላሻት ግን ይታያል። የ10 ዓመት ልጅ ዋና የምትወደው ጓደኞቿ ከዳር ሆነው ስሟን ስለሚጮሁ ነው፣ 50 ሜትር ፑል ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ ሁለት ደቂቃ ስለምትዋኝ አይደለም።

ወንድማችን ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልጁ 13 እና ከዛ በላይ ከሆነና ለትልቁ ሻምፒዮና የመግቢያ ሰዓት ሊያሟላ ትንሽ ሰከንድ የቀረው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የሰመር ሊግ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ እዛ አይቆጠርም፣ 50 ሜትር ፑልም እንደ ሰፈሩ ፑል በየመንደሩ የለም፣ ሎንግ ኮርስ የሚዋኝበት ቅዳሜ ጥቂት ነው። ያኔ ክለቡ ይቅደም፣ የሰፈሩ ኮች ግን ከሳምንታት በፊት ይወቅ። ሻምፒዮናውማ ከደረሰ ክርክርም የለውም። ደሞ ክለብ ሚት ላይ ፋይናል ገብቶ ሳይናገሩ መቅረት ቅጣት ሊያመጣ ይችላል፣ ጠዋት ዋኝታ ማታ ሰርግ አለብን ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ።

የዕድሜው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያደናግራል። ዩኤስኤ ስዊሚንግ ሚቱ በሚጀምርበት ቀን ያላትን ዕድሜ ነው የሚይዘው፣ የኛ ሰመር ሊግ ግን ጁን 1 ላይ የነበራትን ይዞ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። የኔ ልጅ ልደቷ ጁን አጋማሽ ላይ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰፈር ላይ ከ9 እና 10 ዓመቶቹ መሀል ትልቋ ናት፣ ክለብ ላይ ደግሞ ከ11 እና 12ቶቹ ትንሿ። ቅዳሜ ሪባን ሰብስባ እሁድ ከ40 ልጅ 36ኛ ትወጣለች። አባትየው ምን ነካት ይላል። ምንም አልነካትም። ሰዓቷንም ከሰዓቷ ጋር አታወዳድሩ፣ 25 ሜትር ፑል ላይ 100 ሲዋኝ ሦስቴ ዞሮ ግድግዳ ይገፋል፣ 50 ሜትር ላይ አንዴ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሎንግ ኮርሱ መዘግየቱ ያለ ነው።

ልምምዱም ሌላ ጣጣ ነው። ጠዋት የሰፈር ማታ የክለብ እያልን የልጆቹን ትከሻ ጨረስነው። ብዙ ክለብ ሰመር ላይ ልምምድ መቀነስ ይፈቅዳል፣ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም መጥቶ አይነግራችሁም። እኛ ሀበሾች ደግሞ ኮች መጠየቅ እናፍራለን፣ አስተማሪ እንደመናገር ይመስለናል፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ዘንድሮ ለሁለቱም ኮች አንድ አጭር ኢሜል ላኩ፣ በነዚህ ቅዳሜዎች እዚህ ናት በነዚህ እዛ ናት የሚል፣ ሁለቱም በዛው ቀን እሺ ብለው መለሱልኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር አምስት መስመር ነበር።

ሁለቱን ካላንደር ፍሪጁ ላይ ጎን ለጎን ለጥፌ ማርከሩን ለልጄ ሰጠኋት፣ ራስሽ ቀቢ ብዬ። ከአምስቱ የሰፈር ቅዳሜ አራቱን ለሰፈር ቀባች። የጁላይ 4ቱን ሳምንት ደግሞ ክለቡንም ሰፈሩንም ትታ ለሀበሾቹ የእግር ኳስ ፌስቲቫል አደረገችው፣ የአክስቷ ልጆች ስለሚመጡ ነው፣ እኔም እሺ አልኩ።

አዘጋጁን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ደብዳቤዬን ካወጣችሁት አሁን ኤፕሪል ላይ አውጡልኝ፣ የክለቦቹ የሰመር ሚት ምዝገባ እየተዘጋ ነው፣ ጁላይ ላይ ከወጣ ያነበበው ሰው ሁሉ ከፍሎ ጨርሷል።

አክባሪያችሁ
የሁለት ዋናተኞች እናት፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ