ይድረስ ለአባባ፤ ከኒውፖርት

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የዌልስ ዝናብ ግን ዛሬም አልተስማማኝም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ ሯጭ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሻይ ይዤላቸው በገባሁ ቁጥር የሚያነሡት ሯጭም የራግቢ ተጫዋችም የነበረውን ኬን ጆንስን ነው። ራግቢ ደግሞ፣ እሳቸው አይስሙኝና፣ ሰው በሰው ላይ ጭቃ ውስጥ የሚከመርበት ነገር እንጂ ጨዋታ አይመስለኝም ነበር።

ጆንስ የተወለደው ከዚህ ብዙም በማይርቅ፣ ብሌናቨን በሚባል የከሰልና የብረት ከተማ ነው። ለኒውፖርት ክለብ በክንፍ ይሰለፍ ነበር። የክንፍ ተጫዋች ሥራው ኳሷን ታቅፎ ከሚያሳድዱት ማምለጥና ከጫፉ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው፤ ያለ ፍጥነት አይሆንም። ለዌልስ በእኛ ከ1939 እስከ 1949 ዓ.ም. 44 ጊዜ ተሰልፎ 17 ጊዜ እንዲያ አድርጓል። ሳንቲም አልተከፈለውም፤ ያኔ ለራግቢ ተጫዋች ደመወዝ መክፈል ክልክል ነበር።

ሽማግሌው ታኅሣሥ 10 ቀን 1946ን (ወደ እኛ አቆጣጠር የመለስኩት ለእርስዎ ብዬ ነው) የትናንት ያህል ያወሩታል። የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ካርዲፍ ይዘዋቸው ሄዱ። ከኒውዚላንድ ጋር 8 ለ 8 ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ክሌም ቶማስ የሚባል የዌልስ ተጫዋች ኳሷን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር አሻግሮ ለጋት። ነጠረች። ጆንስ ቀለባትና ይዟት ገባ። 13 ለ 8 አለቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዌልስ ኒውዚላንድን አሸንፋ አታውቅም። እዚህ ሲደርሱ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ሌላ አመጣላቸዋለሁ።

እርስዎን ያስታወሰኝ ግን ራግቢው አይደለም። ይኸው ሰው በ1940 ዓ.ም. በለንደን ኦሎምፒክ የብሪታንያን የ4 በ100 ዱላ ቅብብል የጨረሰው ነው። አሜሪካኖቹ ቀድመው ገቡ፤ ዳኞቹ ግን ዱላውን ከተፈቀደው ክልል ውጭ ተቀባብላችኋል ብለው ሰረዟቸው። ወርቁ ለእነ ጆንስ ተሰጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊልሙ ሲታይ ለካ ቅብብሉ ልክ ኖሯል። ወርቁን መልሰው ብር ወሰዱ።

ይህን ስሰማ የእርስዎ ዋንጫ ትዝ አለኝ። ያ የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ 100 ሜትሩ፤ አንደኛ ተብለው ዋንጫውን ከተቀበሉ በኋላ ዳኞቹ ተማክረው "ሁለተኛ ነህ" ያሉዎት። በየበዓሉ ይነግሩን ነበር፤ እማማ "ኧረ አሁንስ ተወው" እስክትል ድረስ። እኔንም፣ እውነቱን ልናገር፣ ይሰለቸኝ ነበር። የእነ ጆንስን ነገር ፊልም ዳኘው። የእርስዎን ሩጫ ግን የቀረጸው የለም፤ ያለው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው፣ እኛም እንደ ተረት ሰማነው።

ጆንስ ከ10 ዓመት በኋላ እንደገና ዱላ ይዞ ሮጧል። በ1950 ዓ.ም. የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ካርዲፍ ላይ ሲከፈቱ፣ የብሪታንያ ንግሥት ኤልሳቤጥ መልእክት ያለበትን ዱላ ስታዲየም ይዞ ገብቶ ለባለቤቷ ለልዑል ፊሊፕ ያስረከበው እሱ ነው።

እሑድ ስደውልልዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሁሌም ሲያወሩልን "ሁለተኛ ነህ" ላይ ነው የሚያቆሙት። ከዚያስ? ዋንጫውን ማን ከእጅዎ ወሰደው? ወይስ ራስዎ ሄደው ነው ለልጁ የሰጡት?

ናፋቂ ልጅዎ