የጂኦግራፊ ክበባችን ዘንድሮ ተራራ ላይ ከረመ

"የሽርሽር ክበብ" የሚሉን አሉ። ይበሉ። በ3,950 ሜትር ከፍታ፣ ጣት በብርድ ደንዝዞ ማስታወሻ መያዝ ሽርሽር ከሆነ እሺ፣ ሽርሽር ነው።

የዓመቱ ርዕሳችን ግግር በረዶ የፈጠራቸው ትናንሽ የተራራ ሐይቆች ነበሩ። በረዶው ዓለቱን ለብዙ ሺህ ዓመታት እየፋቀ ይጎደጉደዋል፤ ሲቀልጥ ውሃው እዚያው ይጠራቀማል። የሐሙስ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ነበሩ፣ አላሰለቻችሁም። ልጆቹን የያዛቸው ስሙና ተረቱ ነው። በቡልጋሪያ ሪላ ተራራ ካሉት ሰባት ሐይቆች አንዱ "እንባ"፣ ሌላው "ዓይን"፣ ሌላው ደግሞ "ኩላሊት" ይባላል። ዘጠነኛ ክፍሎች በኩላሊቱ ስቀው አልጠገቡም። በዌልስ ተረት ከሐይቅ ወጥታ ገበሬ ያገባች ሴት አለች፤ ባሏ ሦስት ጊዜ ከመታት ልትመለስ ተስማምተው፣ ሦስተኛው ሲደርስ ከብቶቿን ነድታ ውሃው ውስጥ ገባች። "ሦስተኛውን ምን አስጠበቃት?" ብለው ሴቶቹ ክፍሉን አናወጡት።

ከዚያ ጉዞው። አንዴ ዝናብ፣ አንዴ መኪና ማጣት አስቀረን። በመጨረሻ አንድ ወላጅ መኪናቸውን ሰጡንና ከጎባ ወደ ባሌው የሳነቴ አምባ ወጣን፣ የቀረውን በእግር አድርገን ገርባ ጉራቻ የሚባለው ሐይቅ ደረስን። ሐይቁ ዳር ሞርስኪዬ ኦኮ ስለሚባለው የፖላንድ ሐይቅ እያወራሁ ነው፤ ስሙ "የባሕር ዓይን" ማለት ነው፣ የድሮ ሰዎች ከሥሩ እስከ ባሕር የሚያደርስ መንገድ አለ ይሉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ድምፅዋን ያልሰማነው ልጅ አቋረጠችኝ። "ቲቸር፣ እኛስ? ገርባ እኮ ባሕር ነው። ጥቁር ባሕር ብለነዋል!" ወዲያው ፈረስ ይዞ ከመጣው አስጎብኚ ጋር በኦሮምኛ ወሬ ጀመረች፣ ለጓደኞቿም እየተረጎመች። እኔን የሚያየኝ ጠፋ። ደስ አለኝ፣ ምን ልበል።

ከዚህ ሐይቅ ሥር ተመራማሪዎች ያወጡት ደለል ወደ 16,000 ዓመት ገደማ ወደኋላ የሚሄድ የአየር ንብረትና የዕፅዋት ታሪክ ይዟል። ይህን ስነግራቸው ሁለቱ ወዲያው ጭቃ ሊቆፍሩ ተነሱ፤ በግድ ነው የመለስናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከመስከረም 2016 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ቀልድ የለም።

ለከርሞ የሌሎቹን የሳነቴ ሐይቆች ስም ከነተረታቸው ከአካባቢው ሽማግሌዎች አፍ መቅዳት እንፈልጋለን። የሚያስፈልገን የድምፅ መቅጃ፣ የዝናብ ልብስና ነዳጅ ነው። ለኳስ ማሊያ በየዓመቱ የማይጠፋ ገንዘብ ለእኛ ሲሆን የት እንደሚሄድ አልገባኝም። የወላጅ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እመጣለሁ፤ ያቺንም ልጅ ይዣት እመጣለሁ፣ እሷ ታስረዳችሁ።