የእማማ ጉልበትና የእርዱ ነገር

ጅማ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሰናይት፤

እንደምን ከርመሻል? ከተጻጻፍን ዘመን ቢቆጠርም ወሬሽን ከእህትሽ መጠየቄን አላቋረጥሁም። ሰሞኑን እንደነገረችኝ፣ እማማ ጉልበታቸውን ኦስቲኦአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት እያለቀ የሚመጣ ሕመም) ነው ከተባሉ ወዲህ የታዘዘላቸውን ክኒን ትተው ጠዋትና ማታ እርድ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። መድኃኒት ቤት ቆሜ የምውል ሰው ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የእርዱ ተስፋ ከንቱ አይደለም። ቢጫነቱን የሚሰጠው ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር በመገጣጠሚያ ውስጥ ቁጣን፣ ማለትም ማበጥንና መቅላትን፣ እንዲሁም ሕመምን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች እንዳይበዙ ያግዛል። በ2014 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ውስጥ የጉልበት ሕመምተኞች በተካፈሉበትና በታተመ ጥናት፣ ለ4 ሳምንታት በቀን 1,500 ሚሊግራም የእርድ ንጥር (ከእርዱ ተጣርቶ የወጣ) የወሰዱት ሰዎች 1,200 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱት ያላነሰ እፎይታ አግኝተዋል፤ የሆድ ሕመምም ያነሰው በእነርሱ ላይ ነበር።

ሆኖም የተፈተነው ንጥሩ እንጂ የጓዳው ዱቄት አይደለም። እዚህ ሂርማታ ገበያ የሚሸጠው ደረቅ እርድ ሲሰበር ውስጡ ደማቅ ብርቱካንማ ሆኖ ዓይን ቢማርክም፣ ከክብደቱ ኩርኩሚን የሚሆነው በአብዛኛው ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው። እርሱም ቢሆን በውሃ ስለማይሟሟ አንጀት የሚቀበለው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን፣ ያንኑ ጉበት ፈጥኖ ያስወግደዋል። ስለዚህ በውሃ ከሚበጠብጡት ይልቅ ቅቤ ባለው አልጫ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ጣል ተደርጎበት ቢበሉት ይሻላል፤ በቁንዶ በርበሬው ውስጥ ያለው ፒፐሪን የተባለ ንጥረ ነገር ኩርኩሚኑ ቶሎ እንዳይወገድ ይከላከላልና። ይኸው ፒፐሪን በንጥር መልክ ሲበዛ ግን የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ጎንደር ስላላችሁ የመተማ ዕጣን ትዝ ማለቱ አይቀርም። ቦስዌሊክ አሲድ የሚባለው የዕጣን ንጥረ ነገር ኢቡፕሮፌን የማይነካውን ሌላ የቁጣ መንገድ እንደሚገታ ይታወቃል፤ ነገር ግን ለጉልበት በሰፊው የተጠናው የሕንዱ ዝርያ ንጥር ስለሆነ፣ የእኛን ዕጣን ቀቅለው እንዳይጠጡ አደራ እልሻለሁ። ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲንም በቅባት መልክ ሕመም ያስታግሳል፤ ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ ጉልበት ላይ ማሰር ግን ቆዳ ያቃጥላል እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም።

ከእነዚህ አንዱም ያለቀውን ልስልስ አጥንት እንደሚመልስ አልታየም። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚሰጠውን ጥቅም የሚተካ ቅመም ስለሌለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀስ እያሉ መዘርጋትን ያዘውትሩ። ክኒኑንም በገዛ እጃቸው ከሚተዉ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለባቸው እንደሆነ ነው፤ እርዱን በብዛት መውሰድ ያን ጊዜ ጉዳት አለው። ስለዚህ የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ ጽፈሽ ቶሎ ላኪልኝ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

አክባሪሽ ጓደኛሽ