ክረምቱ ሳይገባ አራት ሮቶ ለሰፈራችን ትምህርት ቤት (የድጋፍ ጥሪ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ባለው ሰፈር ያደጋችሁ፣ አሁንም ያላችሁ፣ ዲሲም ዱባይም የገባችሁ። ያው ሁላችንም ፊደል የቆጠርንበት ትምህርት ቤት ነው ጉዳዩ። ባለፈው ሳምንት ልጄን ላመጣ ሄጄ የሴቶቹ ሽንት ቤት በር በሚስማር ተመቶ አየሁት። ለምን ስል ውሃ ከሄደ አምስተኛ ቀኑ ነው አሉኝ። ከፍ ከፍ ያሉት ሴት ልጆች የወር አበባቸው በሚመጣበት ሰሞን ቤት እንደሚቀሩ አንዷ መምህርት ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ እሱን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የሚገርመው እኮ የከተማው የቧንቧ ውሃ የተጀመረው ከኛው ተራራ ነው። በምኒልክ ጊዜ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ስቦ ነው ቤተ መንግሥት ያስገባው። ከዛ ከተማው ሲሰፋ በ1930ዎቹ ገፈርሳ ተገደበ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድሬ፣ ቀጥሎ ደሞ የአቃቂ ጉድጓዶች። ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉት ግድቦች በእቅድ ሲነሱ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ሕዝቡ ግን እቅድ አይጠብቅም፣ ኮንዶሚኒየሙም ሆቴሉም ፋብሪካውም ከዛው ውሃ ነው የሚጠጣው። እኛ ጋ ደሞ ከፍታው አለ። አቃቂ የከተማው ግርጌ ነው፣ የሱ ውሃ ሽቅብ የሚሄደው በፓምፕ ተገፍቶ ነው፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል። በፈረቃ ቀን እንኳ ታች ያሉት ሰፈሮች ቀድተው እስኪጨርሱ እኛ ጋ ሲደርስ ሌሊት ይሆናል፣ ሌሊት ደሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጥበቃው አባባ በቀር ማን አለ፣ የሚያጠራቅም ታንከር ስለሌለ መጥቶ ይሄዳል።

እና እኛ ወላጆችና የድሮ ተማሪዎች ኮሚቴ አቋቁመን ያሰብነው ይሄ ነው። የትልቁ ህንጻ ቆርቆሮ ጣሪያ በሜትር ለካነው፣ 40 በ9 ነው፣ 360 ካሬ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ደሞ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። የሚፈሰውንና የሚተነውን አምስተኛ እጅ ብንቀንስ እንኳ ከዛች ጣሪያ በዓመት ወደ 345,000 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው፣ አሁን ግን ሁሉም ግቢውን አጨቅይቶ ወደ ቦዩ ይሄዳል። አሸንዳ ገጥመን፣ ባለ 10,000 ሊትር አራት ሮቶ በድንጋይ መደብ ላይ አስቀምጠን እሱን ውሃ እንይዘዋለን። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ለብቻው የሚደፋበት ቧንቧ አለው። ውሃው ለሽንት ቤት፣ ለጽዳትና ለእጅ መታጠቢያ ነው፣ ለመጠጥ አይደለም፣ ይሄን ቧንቧዎቹ ላይ በትልቁ እንጽፋለን።

አንድ ጥያቄ ብዙ ሰው አንስቷል፣ ትክክል ነው። ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ታዲያ ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ መስከረም ሲከፈት አራቱም ሮቶ ሙሉ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፣ ከዛም የበልግ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ይሞላል። ሁለተኛው ግን ለኔ ዋናው ነው፣ ሮቶዎቹ በበጋው በፈረቃ ሌሊት የሚመጣውን የቧንቧ ውሃም በፍሎተር (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን ራሱ በሚዘጋው ተንሳፋፊ) ራሳቸው ይቀበላሉ፣ ማንም ነቅቶ መጠበቅ የለበትም። ተማሪዎቹ 800 ናቸው፣ ለአንድ ልጅ በቀን 5 ሊትር ብንል 4,000 ሊትር፣ 40,000ው ሊትር አስር የትምህርት ቀን ይይዛል። ውሃ አምስት ቀን ቢጠፋ የሴቶቹ ሽንት ቤት አይዘጋም ማለት ነው። ክረምት ላይ ሲተርፍ ደሞ የጎረቤት እናቶች ለልብስ ማጠቢያ ይቀዱበታል፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምተናል።

ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት የሚባክነውን ነው ያየነው። ውሃ በመጣበት አንድ ሌሊት ከሚያንጠባጥብ አንድ ቧንቧ ስር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቀምጠን ነበር፣ ጠዋት ሞልቶ ፈስሷል። እንደሱ ያሉ ሰባት ቧንቧዎች ነበሩ፣ እዛው የተማረ ቧንቧ ሰራተኛ ልጃችን ያለ ምንም ክፍያ ሁሉንም ቀይሯቸዋል፣ እግዜር ይስጠው።

አሁን ብሩ። ከሶስት ቦታ ፕሮፎርማ ወስደን ዝቅተኛውን ይዘን ሮቶው፣ አሸንዳው፣ ፍሎተሩ፣ ስሚንቶውና ድንጋዩ ተደምሮ 780,000 ብር መጣ። እስካሁን 265,000 ሰብስበናል፣ አብዛኛው ከወላጆች የ200ና የ500 ብር መዋጮ ነው፣ በጉልት ሽንኩርት የሚሸጡ እማማ ሳይቀሩ ሰጥተዋል። የቀረው 515,000 ነው። ውጪ ያላችሁ የአንድ ክፍል ልጆች ተሰባስባችሁ አንድ ሮቶ ብትይዙልን ትልቅ ነገር ነው፣ ብቻውን ለሚሰጥም የአሸንዳ አንድ ሜትር እንኳ ተቆጥሮ ይገባል። ብር የሌለው ጉልበት ይስጥ፣ ግንበኛ፣ በያጅ፣ ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጉናል። የሚሸጥ ነገር ያለው በቅናሽ ይስጠን፣ የተረፈ ቧንቧ ያለውም ያምጣ።

የባንክ አካውንቱ በሶስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ አንዷ ከመምህራን ሁለቱ ከወላጆች። ቁጥሩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፣ ሩቅ ያላችሁ ከኮሚቴው አባላት ጠይቁ፣ በሌላ ሰው ስም በቴሌብር ላኩ የሚላችሁ ካለ የኛ አይደለም። የገባውም የወጣውም በየሳምንቱ እሁድ ከነደረሰኙ ይለጠፋል።

ሮቶዎቹን እስከ ግንቦት 30 ካልገዛን ዘንድሮ ክረምቱ ያመልጠናል። የመደቡን ቁፋሮ ግን ብሩን ሳንጠብቅ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት እንጀምራለን፣ አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ቡናውን እናቶች እዛው ያፈላሉ።