ባህር ዛፉ በኩል ሥሪ

ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ተመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ግን ሕመሙ ይጠፋል፣ ታውቂያት የለ።

በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ አልፈለግኩም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እኔም ስናደድ ያልሆነ ነገር እናገራለሁ። ከማሳችን ላይ ቤት መሥሪያ ቦታ ስጠኝ ነው ያልሽው። እሰጥሻለሁ። የት እንደሆነ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።

ከጅሬን በታች ያለው ሰፈር እንደምታውቂው አይደለም። የጎረቤታችን ቡና ተነቅሎ ብሎኬት ተደርድሮበታል። ደላሎች በባጃጅ እየመጡ «አባባ፣ በካሬ ስንት ይላሉ?» ይሉኛል። መሬት አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ ስላቸው ይስቃሉ። ሕጉን ከኔ በላይ ያውቁታል፣ መዞሪያውንም እንዲሁ።

ከተማዋ ጅማ ላይ ብዙም አልፈርድም፤ ራሷም ከገበያ የበቀለች ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) ጅማን ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው ከላይ ጅሬን ኮረብታ፣ ገበያው ከታች ሂርማታ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ለሐሙስ ገበያ ከየአገሩ ይጎርፍ ነበር። ኋላ ጣሊያን መጥቶ ከተማውን እዚያው አስፋፋው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከማሳው ላይኛው በኩል፣ ሳሳ ከሚባለው የጥላ ዛፍ ሥር ያሉት ቡናዎች አያትሽ የተከላቸው ናቸው። በ1963 ዓ.ም. አካባቢ ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ነጥብ ይይዘዋል፣ ከዚያ ይጠቁርና ይረግፋል። ብርድና እርጥበት ባለበት ደግሞ ይብሳል። እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዛፉ ሥር ቁጢጥ ብሎ የረገፈውን በእፍኙ ሲያፍስ፣ አሽትቶ መልሶ ሲጥለው አሁንም ይታየኛል። እዚህ ጅማ ያለው የመልኮ እርሻ ምርምር ሰዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮች ለይተው አወጡ። አንዱ 74110 ነው። ስሙ ቁጥር ብቻ ነው፤ 74ቱ እ.ኤ.አ. በ1974 መመረጡን ያሳያል፣ የተገኘውም መቱ አካባቢ ነው። አባቴ ችግኙ ሲመጣለት «ደግሞ ቁጥር ልትከል?» ብሎ አጉረመረመ። አጉረምርሞም ተከለ። እኔ ሁለቴ ጎንድዬዋለሁ፤ ከጉቶው አቆጥቁጦ ዛሬም ይሰጣል።

ታች ያለው ባህር ዛፍ የኔ ጥፋት ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ የቡና ዋጋ ወደቀ። አንድ ነጋዴ ደግሞ ጀንፈሌን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡናዬን፣ በዱቤ ወስዶ ጠፋብኝ። በንዴት ቡናውን ነቅዬ ባህር ዛፍ ተከልኩ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ለአልጋና ለልብስሽ የወጣው ብር ከዚያ አጣና ነው፣ እና ሙሉ በሙሉ ልጸጸት አልችልም። ግን ከሥሩ የነበረችው ምንጭ ቀጥና ቀጥና ደረቀች። ቡና መልሼ ብሞክርም አልያዘልኝም። አንቺ እዚያ ሥሪ። ጉቶውን ግን ራስሽ አስነቅይ፣ ወጪ አለው።

«ያው አንድ መሬት አይደል?» ማለትሽ አይቀርም። ወንድምሽማ ለልማት ቢወስዱት ካሳ አለው ይለኛል። ስለ ካሳ የወጣውን አዋጅ 1161/2011 ሰው አንብቦልኛል። ምትክ መሬት ካልተሰጠ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ትልቁ የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈላል ይላል። አያትሽ የተከለው ከ40 ዓመት በላይ አብልቶናል፤ አንቺን ጨምሮ። ሒሳቡን አንቺ ሥሪው፣ አካውንታንቷ አንቺ ነሽ።

ኅዳር ላይ እረፍት ውሰጂና ነይ፣ ለቀማው ላይ እጅ ያጥረናል። ቀይ ቀዩን ብቻ ነው የምንለቅመው፤ ባለፈው አረንጓዴውን ቀላቅለሽ እናትሽ ስትለይ አመሸች። ዘንድሮ ቡናውን መሬት ላይ አላሰጣም፣ አፈር አፈር ይሸታል ብለው ዋጋ ጣሉብኝ። የቡና ማስጫ አልጋውን ከእንጨት ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ የቀረው ከላይ የሚወጠረው ወንፊት ሽቦ ነው። እዚህ ተወዷል። መርካቶ ዋጋ ጠይቂልኝና ከረከሰ ይዘሽልኝ ነይ። ስድስት ሜትር ይበቃል።

አባትሽ
ጅማ