ምቀኛው እኛው ብንሆንስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ክርስቲያን ራሱን ከምቀኛ እንዴት መጠበቅ እንዳለበት በሃይማኖት ገጻችሁ ላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ጥቅሶቹም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፣ ግን ጨርሼው ሳስቀምጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እስቲ አስቡት፣ ለጸሎት ስንቆም "ጌታ ሆይ ምቀኞቼን አስታግስልኝ" የሚለው ሰው ሞልቷል፣ "ጌታ ሆይ እኔ ራሴ እገሌን እየተመቀኘሁት ነው፣ እርዳኝ" የሚልን ሰው ግን ማን ሰምቶ ያውቃል? ሁሉም ሰው ምቀኛ አለው፣ ምቀኛ የሆነ ሰው ግን የለም። ይሄ ሒሳብ እንዴት ነው የሚገጥመው?

ምቀኛ ስንል ደግሞ የሚታየን ፊቱን ያጠቆረ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ክፉ ሰው ነው፣ ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። አብራህ የተማረች ልጅ ቀለበት አስራ ፎቶዋን ፖስት አድርጋለች እንበል። አውራ ጣት ወዲያው ላይክ ያደርጋል፣ ኮመንቱም ይጻፋል፣ "እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ፣ ፍጻሜውን ያሳምረው" ከነልቡ ከነአበባው። ከዛ ስልኩ ይቀመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል፣ ፎቶው በሁለት ጣት ይሰፋል፣ ሰውየው ማነው፣ ከጀርባ ያለው ቤት የማነው፣ ከዛ ወደ ድሮ ፎቶዎቿ መውረድ ይጀመራል፣ በመጨረሻ ለሆነ ሰው ሊንኩ ይላክና "አየሃት? ግን እኮ በፊት ከሌላ ልጅ ጋር አልነበረችም?" ይባላል። በቃ ይሄው ነው። ማንም አልተገደለም፣ ማንም አልተሰደበም፣ ኮመንቱም ላይ ያለው ምርቃት ነው። ያቺ የመጨረሻዋ መልእክት ግን ከየት መጣች?

ቃየንን ሁልጊዜ ከግድያው ጀምረን ስለምናወራው መሰለኝ ራሳችንን እሱ ውስጥ የማናየው። ዘፍጥረት 4 ላይ ከግድያው በፊት አንድ ንግግር አለ። የአቤል መሥዋዕት ተመረጠ፣ የቃየን አልተመረጠም፣ ቃየን ተናደደ ፊቱም ጠቆረ፣ ያኔ ሊያናግረው የመጣው ማን ነበር? ራሱ እግዚአብሔር። መጥቶም አልረገመውም፣ "ለምን ተናደድህ? ለምንስ ፊትህ ጠቈረ?" ብሎ ጠየቀው እንጂ፣ ደግሞ "መልካም ብታደርግ ፊትህ የሚበራ አይደለምን?" አለው፣ በሩ ገና ክፍት ነው ማለት ነው፣ ኃጢአት በደጅ እንዳደባችና ሊነግሥባት እንደሚገባም ነገረው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ቃየን ለዚህ ሁሉ የመለሰው መልስ አልተጻፈም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ላይ ቃየን የሚያናግረው ወንድሙን ነው፣ ና ወደ ሜዳ እንሂድ። ለእግዚአብሔር መመለስ የነበረበትን ነገር ትቶ ወደ ሰውየው ዞረ። እኛም ሊንኩን ለሦስተኛ ሰው ስንልክ የምናደርገው ይሄንኑ ነው፣ በእርግጥ ደም የለበትም።

የዚህ ተቃራኒ አሳፍ ነው። መዝሙር 73 ላይ፣ በግዕዙ ቁጥር 72 መሆኑ ነው፣ ሰውየው የክፉዎችን ሰላምና ምቾት አይቶ እንደቀና በግልጽ ይናገራል፣ እግሬ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር ይላል፣ ልቤን ያጸደቅኩት እኮ በከንቱ ነው እስከማለት ይደርሳል። ይሄ ሰው ተራ ምእመን አይደለም፣ የመዘምራን አለቃ ነው! ዛሬ አንድ የመዘምራን መሪ መድረክ ላይ ወጥቶ "ወገኖቼ፣ በሰው ሀብት ቀንቼ እምነቴን ልጥል ነበር" ቢል ምን እንደምንል አስቡት። አሳፍ ግን ወደ መቅደስ እስኪገባ ድረስ ነገሩ እንዳልገባው፣ እንደ እንስሳ ሆኖ እንደነበር ጭምር ለእግዚአብሔር ይነግረዋል፣ ከዛ መዝሙር አድርጎ ለሕዝብ ሰጠው፣ ይሄው እስከ ዛሬ እናነበዋለን። የሰዎቹ ሀብት በመሃል አልተቀነሰም፣ የእሱም አልጨመረም። መጨረሻ ላይ የሚለው ከአንተ ሌላ በምድር ምን እሻለሁ ነው።

እዚህ ጋ ሆኜ አንድ የማልወደውን ነገር ልናገር፣ የሚቆጣ ካለ ይቆጣ። አንድ ሰው ተነስቶ ልጅ እንደተሰጠው፣ ሥራ እንዳገኘ፣ ከበሽታ እንደዳነ ሲመሰክር ገና ሳይጨርስ "ይሄ የአንተም ነው፣ ተቀበል፣ ቀጣዩ ተራ ያንተ ነው" የሚባለው ነገር። ለማጽናናት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ምን እያስተማርን ነው? የወንድሜ በረከት ደስ የሚለኝ ለእኔም ሊመጣ ስለሆነ ብቻ ከሆነ፣ ያልመጣ ቀንስ? ለዓመታት ልጅ ስትለምን የኖረች እህት እዛ መሃል ቁጭ ብላ እጇን እንድታነሳ ይነገራታል፣ ታነሳለች፣ እልል ትላለች፣ ቤቷ ትገባለች። በሚቀጥለው ምስክርነትም እንደዛው። እንደዚህ እየተደረገ ልቧ ውስጥ የሚጠራቀመውን ቅናት የዘራው እኮ ሰይጣን ብቻ አይደለም፣ እኛም ውሃ እያጠጣነው ነው። በረከትን ወረፋ አደረግነው፣ ወረፋ ላይ ደግሞ ሰው ሁልጊዜ የሚያየው ከፊቱ የቆመውን ነው።

የማቴዎስ 20 ሠራተኞችን ታሪክ እዩት። የወይን እርሻው ባለቤት ከማለዳ ጀምሮ ለገቡት አንድ ዲናር ተስማማ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሎችን አስገባ። ሲመሽ ለሁሉም አንድ ዲናር። የሚገርመኝ ባለቤቱ ከኋለኞች ጀምረህ ክፈል ማለቱ ነው። ከፊተኞቹ ቢጀምር ኖሮ እኮ ዲናራቸውን ተቀብለው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው በሄዱ፣ ማንም ባላጉረመረመ። ሆን ብሎ እንዲያዩ ያደረጋቸው ይመስላል። ካዩ በኋላ ያችው ጠዋት የተስማሙባት ዲናር አነሰችባቸው፣ አንድ ሳንቲም ሳይጎድልባት። ጥያቄውም የመጣው ስለ ገንዘቡ አይደለም፣ እኔ መልካም ስለሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን? የሚል ነው። ቅናት እንግዲህ መጨረሻው ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከሰጪው ጋር መጣላት ነው፣ ስለዚህም ነው "እገሌ እኮ አይገባውም" የምትለዋ ቃል የምታስፈራኝ፣ ምክንያቱም የሚገባውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ረስታዋለች።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። መፈለግና መቅናት አንድ አይደሉም። ሐና ልጅ ፈልጋ አልቅሳለች፣ ምግብም አልበላ ብሏት ነበር፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች እስኪል ድረስ ጸልያለች፣ ማንም ግን ቀናተኛ አላላትም፣ ለቅሶዋን ይዛ የሄደችው ወደ እግዚአብሔር ነበርና። ራሔል ግን በእህቷ ቀንታ ባሏን ያዕቆብን "ልጅ ስጠኝ፣ ካልሆነ እሞታለሁ" ነው ያለችው። ለሁለቱም ሕመሙ ሕመም ነው። ስለዚህ የሌላው ደስታ ሲያምመው ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንባው የሚሄድበትን አድራሻ ማየት ነው። ደግሞ በጉቦ ቦታ ይዞ ሌላውን የረገጠ ሰው ላይ መቆጣትን ቅናት ነው ብሎ አፍ ማስያዝም ልክ አይደለም፣ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚል፣ መጽሐፉ ውስጥ በጣም ከምወዳቸው ሰዎች አንዷ ኤልሳቤጥ ናት። ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ነው የፀነሰችው፣ ያን ሁሉ ዓመት በሰው ዘንድ ነቀፋ ተሸክማ። ገና ስድስተኛ ወሯ ላይ፣ ደስታው ገና ሳይበርድላት፣ ዘመዷ ማርያም መጣች፣ በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችል ልጅ፣ ከእሷ የሚበልጠውን ይዛ። ሰው ብትሆን ኖሮ (ሰው ናት እኮ!) "እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄ፣ አንቺ ገና ሳትጠብቂ" ብትል አይፈረድባትም ነበር። እሷ ግን በታላቅ ድምፅ ጮኻ ባረከቻት፣ የጌታዬ እናት ወደ እኔ ትመጣ ዘንድ እንዴት ይሆንልኛል? አለች። ማርያምም ሦስት ወር ያህል እሷ ጋ ተቀመጠች። የሚገርመው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ የኤልሳቤጥ ልጅ መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድ ደቀ መዛሙርቱ ተቆርቁረው መጡ፣ ያ አንተ የመሰከርክለት ሰው እያጠመቀ ነው፣ ሁሉም ወደ እሱ እየሄደ ነው አሉት። በዛሬ ቋንቋ ፎሎወርህ እየቀነሰ ነው እንደማለት። ዮሐንስ ከሰማይ ካልተሰጠው ሰው ምንም ሊቀበል አይችልም አላቸው፣ እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል አለ፣ ደስታዬ ተፈጸመ አለ። የእናቱ ልጅ ነው።

የንጉሥ ሳኦል ልጅ ዮናታንም አለ። ሳኦል ሴቶቹ "ሳኦል ሺህ፣ ዳዊት እልፍ ገደለ" ብለው ሲዘፍኑ ሰምቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ማየት ጀመረ። ግን በዳዊት ምክንያት ከሁሉም በላይ የሚያጣው ማን ነበር? አልጋ ወራሹ ዮናታን ነበር እኮ፣ አባቱም ኋላ ላይ ዳዊት በሕይወት እያለ መንግሥትህ አይጸናም ብሎ ነግሮታል። እሱ ግን ካባውን አውልቆ ለዳዊት ሰጠው፣ ሰይፉን፣ ቀስቱን፣ መታጠቂያውንም ጨምሮ። በልቡ ብቻ አልተደሰተም፣ በእጁ አደረገው።

ከዚህ ተነስቼ የምለው ይህ ነው። "ቅናት አስወግድልኝ" የሚል ጠቅላላ ጸሎት ብዙ የትም አያደርስም፣ ለቅናት ስም እንስጠው። ጌታ ሆይ በእገሊት ትዳር ቀንቻለሁ፣ በእገሌ ሥራ ቀንቻለሁ፣ ብሎ በስም። ከዛ ከባዱ ይመጣል፣ ያንኑ የቀናንበትን ነገር እንዲያበዛላት መለመን፣ ትዳሯን ባርክላት፣ ደመወዙን ጨምርለት። መጀመሪያ ላይ ቃሉ አፍ ላይ ይደርቃል፣ እያስመሰልኩ ነው ወይ ያስብላል፣ ይሁን። ከዛ ደግሞ አንድ ነገር በእጅ ማድረግ፣ ሠርጓ ላይ ቀድሞ ተገኝቶ ወንበር መደርደር፣ ለአዲሱ ሥራው የሚጠቅመውን የምናውቀውን ሰው ማገናኘት፣ ስሟ በሐሜት ሲነሳ ርዕስ መቀየር። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን "ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፣ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ" የሚለውን የሮሜ 12 ቃል ሲያብራራ ከሚያለቅስ ጋር ማልቀሱ ቀላል ነው ይላል፣ የወደቀ ሰው አይቶ የማያዝን ልበ ደንዳና የለም፣ በተሳካለት ሰው መደሰት ግን ትልቅ ነፍስ ይጠይቃል። እውነቱን ነው፣ ለቅሶ ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ ከልቡ ነው፣ ለምርቃት የሚመጣው ላይ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ለተባረኩትም አንድ ነገር። ፍልስጥኤማውያን በይስሐቅ ቀንተው አባቱ ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች አፈር ሞሉባቸው። እሱ ከንጉሡ ጋር ሳይጣላ ሄዶ ሌላ ቆፈረ፣ ተጣሉት፣ ትቶ ሌላ ቆፈረ፣ ተጣሉት፣ ደግሞ ሌላ ቆፈረ፣ ሦስተኛው ላይ ማንም አልተጣላውም፣ ስሙንም ርኆቦት አለው፣ ሰፊ ቦታ ማለት ነው። በኋላ ንጉሡ አቢሜሌክ ራሱ እርቅ ሊያደርግ ሲመጣ ይስሐቅ ምን አደረገ? ግብዣ አደረገላቸው፣ በሉ ጠጡ። ጽሑፋችሁ ላይ ምቀኛን ስለመለየት፣ ከምቀኛ ስለመራቅ ብዙ ተብሏል፣ ቀንቶ ሲያበቃ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ቢኖር የምናስቀምጥበት ወንበር ስለማዘጋጀት ግን አንድ መስመር አላየሁም።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። በዛው ገጽ ላይ አንባቢ ስሙን ሳይጠቅስ ራሱ የቀናበትን ነገር የሚጽፍባት ትንሽ ቦታ ክፈቱልን፣ "ተቀናብኝ" ሳይሆን "ቀናሁ" ብሎ የሚጀምርባት። መጀመሪያ አካባቢ ደብዳቤ ላይመጣላችሁ ይችላል፣ ግድ የለም፣ ቦታዋን ግን በማስታወቂያ አትሙሏት።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ